ልጅቷ እሺ አትልም

ሩሀማን የሚያውቅ ሁሉ የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ይህች ልጅ አንድ ቦታ እንደማትረጋ ነው። ታቦር ሰፈር ካለው የእናቷ ቤት አዲስ ከተማ እስካለው የምትሠራበት መነፅር ቤት ድረስ፣ ባጃጅ እያለላት በእግሯ ትገሰግሳለች። ከደረሰች በኋላ ደግሞ መደርደሪያውን ታስተካክላለች፤ ያስተካከለችውን መልሳ ታፈርሳለች። አሠሪዋ ሲያያት ይደክመዋል። እሷን ከወንበር ጋር የሚያስታርቃት በሥዕል የሚተረክ ኮሚክ ብቻ ነው። ኮሚክ ከያዘች ቤት ቢቃጠል አትሰማም።

የኮሚኩን አመል ያወረሷት በሞት የተለዩዋት አባቷ ናቸው። በአንድ መጽሔት ላይ በየወሩ ይወጣ የነበረውን የሻምበል ጥላዬን የሥዕል ታሪክ እየገዙ ያነቡላት ነበር፤ ፊደል የለየችውም ከሻምበሉ አፍ በላይ በተንጠለጠሉት የንግግር አረፋዎች ነው። ዛሬ ስልኳ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበቡ የጃፓን ኮሚኮች ታጭቋል። የአዲስ አበባ ወጣቶች የሚያሳትሟቸውን አዳዲሶቹንም እያሳደደች ትገዛለች። የሻምበሉ ነገር ሲነሳ ግን ድምጿ ይለወጣል።

እናቷ ወይዘሮ መዓዛ ይህንን ሲያዩ አንጀታቸው ያርራል። «እኩዮችሽ እኮ ይሄንን የሚገዙት ለልጆቻቸው ነው!» ይሏታል።

ክብሩ ወደ መነፅር ቤቱ የገባው በአንድ ዝናባማ ሰኞ ነበር። የደሴ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምህንድስና ተማሪዎችን ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተምራል። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ ጥቁር ቀለም ነክቶታል። አዲሱን መነፅር አጥልቆ ሩሀማ የማንበቢያ ካርዱን ስትዘረጋለት ራሱን ነቀነቀ።

«ይቅርታ፣ በራሴ ነገር ልሞክረው?» ብሎ ከቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ መጽሔት አወጣ።

ሩሀማ ገና ሽፋኑን ስታይ ጮኸች። «ድልድዩ የሚሰበርበት ክፍል!»

«ታውቂዋለሽ?»

«ከመሰበሩ በፊት ያለው አለኝ፣ ከተሰበረ በኋላ ያለውም አለኝ። ያን ወር አባቴ ታሞ ሳይገዛው ቀረ። እንዴት እንደተሰበረ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም!»

ክብሩ መጽሔቱን በሁለት እጁ አቀረበላት። «እንግዲያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኔ አልቸኩልም።»

ቁጭ ብላ አነበበች። ሦስት ደንበኛ ገብቶ ወጣ። ቀና ስትል ሰውዬው አሁንም እዚያው ቆሟል፤ በአዲሱ መነፅሩ የሚያየው ግን እሷን ነበር። ሩሀማ አፈረች፣ ማፈሯም ገረማት።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እሷ ከቸርች ስትመለስ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል መገናኘት ልማድ ሆነ። የተጠበሰ ዓሣ ያዝዛሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ያያሉ፣ በመሐል የኮሚክ ክርክር ይነሳል። እሷ የጃፓኖቹን ፍጥነት ታወድሳለች፤ እሱ ለድሮዎቹ ሠዓሊዎች ይሟገታል። ትርፍ መስመር የሚባል ነገር እንዳልነበራቸው ሲያስረዳ ጣቱን ውሃ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ ይስላል። ዘጠኙን እጅ የምታወራው ሩሀማ ናት። ወሬዋ ሲያልቅባት ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ያን ጊዜ እሷ ቶሎ ብላ ሌላ ሠዓሊ ታነሳለች።

ወደደችው። ለራሷም አልደበቀችም። ሌሊቱን እየተገላበጠች ‹ነገ ይናገር ይሆን?› ትላለች፤ ነገ ይመጣል፣ ክብሩ ስለ ጥላ አጣጣል ይናገራል። ይሄ ሰው መቼ ነው የሚናገረው?

በዚህ መሐል ነበር ሳሙኤል ሽማግሌ የላከው። ሳሙኤል ባንክ ይሠራል፣ ቸርች ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ሰውን ‹ዞር በል› ብሎ የማያውቅ ጨዋ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ቢሆንም ‹ከልጄ ጋር እንምከርበት› ብለው ሸኟቸው። ሩሀማ ነገሩን ይዛ በቀጥታ ወደ ክብሩ ሮጠች።

«ሽማግሌ ተልኮብኛል» አለችው፣ የዓሣውን እሾህ እየለቀመች።

ክብሩ ሹካውን አስቀመጠ። «ማን?»

«የቸርች ልጅ ነው። ጥሩ ሰው ነው።»

ጠበቀችው። ሐይቁን አየ፣ ጣቶቹን አየ፣ መነፅሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀ። «ጥሩ ሰው ከሆነ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። ሩሀማ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ መንገዱን በእልህ ረገጠችው።

በሚቀጥለው እሁድ ክብሩ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ የሳለው ኮሚክ በካርቶን መሐል ነበር። «አንብቢውና የመሰለሽን ንገሪኝ» አለ።

ታሪኩ የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ አንዲትን ልጅ በየቀኑ ሐይቅ ያሻግራል። ይወዳታል፣ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። ሌላ ሰው ሽማግሌ ይልክባታል። በመጨረሻው ገፅ ቀዛፊው ጀልባውን ሐይቁ መሐል ያቆምና ‹አግቢኝ› ይላታል። ‹እሺ› ትለዋለች።

እዚህ ላይ ለእኔና ለእናንተ ሳይገባን አልቀረም። ለሩሀማ ግን አልገባትም። ኮሚክ አብዝቶ የሚወድ ሰው ይሄ ክፉ አመል አለበት፤ ወረቀት ሲሰጡት ጥላውንና መስመሩን ሲመረምር የሰጠው ሰው ይጠፋበታል። አንብባ ስትጨርስ እጇን አሻሸች።

«እውነቱን ልንገርህ ወይስ ላባብልህ?»

«እውነቱን።»

«ውሃው ተአምር ነው። የቀዛፊው እጆችም ይናገራሉ። ልጅቷ ላይ ግን ተሸንፈሃል። ፊቷ አይረጋም፤ እዚህ ትስቃለች፣ እዚህ ትቆጣለች፣ አንዲት ሴት አትመስልም። ደግሞ ይሄ የሹሩባዋን ጫፍ የምታኝከው ምን ለመሆን ነው? የትኛዋ ትልቅ ሰው ናት ፀጉሯን የምታኝክ?»

ይህንን ያለችው የራሷን ሹሩባ ከአፏ አውጥታ ነበር። ክብሩ ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም። «መጨረሻውስ?» አለ።

«መጨረሻው አላሳመነኝም። ልጅቷ እሺ አትልም።»

«ለምን?»

«ምን አድርጎላት? መቅዘፍ ብቻ! ሌላው እኮ ቢያንስ ደፍሮ ሽማግሌ ልኳል። እሱ አፉን ዘግቶ ከርሞ በመጨረሻ ሰዓት ‹አግቢኝ›? እኔ ብሆን ይሄንን ገፅ አወጣዋለሁ።» ንግግሯ እየጋለ ሄደ። ስትጠብቀው ስትጠብቀው ስለቀረው ሰው የያዘችውን ንዴት ሁሉ በምስኪኑ ቀዛፊ ላይ አወረደችው።

ክብሩ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ «ገብቶኛል» ብሎ ተነሳ። ወረቀቶቹን ስትመልስለት አልተቀበላትም። «ካንቺ ጋር ይቅር» አለና ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን አያነሳም። ሩሀማ ‹ስለ ፊቷ ይቅርታ› ብላ ጻፈችለት። ‹በጣም ጎበዝ እኮ ነህ› ብላ ጻፈች። ሠዓሊ ሲነኩት ያኮርፋል ብላ ራሷን አጽናናች። መነፅር ቤቱ ውስጥ የአንዱን ደንበኛ መነፅር ለሌላው ሰጥታ ሁለቱም ከግድግዳ ጋር ተጋጭተው ተመለሱ። እንጀራ አልወርድ አላት። በመጨረሻ አንድ መልእክት መጣ፦ ‹አዲስ አበባ አንድ አኒሜሽን የሚሠራ ድርጅት ቀጥሮኛል። ዓርብ እሄዳለሁ። ሁሉም መልካም ይሁንልሽ።›

ሩሀማ ስልኩን ይዛ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሥዕሉን ሰው እንዲያይለት ከማንም በላይ የምትመኘው እሷ ናት። ግን ‹ሁሉም መልካም ይሁንልሽ› ተብሎ የሚሰናበተው እኮ መሥሪያ ቤት የለቀቀ ሰው ነው።

ወደ ቤት ስትገባ እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንሶላ ሊቀይሩ ገብተው ኖሯል፤ የክብሩን ወረቀቶች ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል።

«ይሄንን የሳለው ማነው?» አሉ።

«ጓደኛዬ ነው እማዬ። ኮሚክ ነው፣ ተይው።»

«ኮሚክ ምናምኑን አላውቅም። አንቺን የሳለሽ ሰው ማነው ነው የምልሽ።»

«እኔን?»

«ታዲያ ማንን ነው? ስትኮርፊ ትከሻሽን እንዲህ ከፍ ታደርጊያለሽ፤ ይኸው። ሳትፈልጊ ስትስቂ አፍሽን ትሸፍኛለሽ፤ ይኸው። ፀጉርሽን ስታኝኪ ስንት ጊዜ ነው በልጅነትሽ የተቆጣሁሽ?» ወይዘሮ መዓዛ ገፁን ቀስ ብለው ገለጡ። «ይሄ ሰው ብዙ ጊዜ አይቶሻል፣ ልጄ። እኔ የወለድኩሽ እንኳ ይሄን ያህል ያየሁሽ አይመስለኝም።»

ሩሀማ ወረቀቱን ቀማቻቸው። አየችው። መስመሩን ሳይሆን ሰውዬውን አየችው፤ ጀልባው ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ምላስ የሌለው ይመስል። ‹አግቢኝ› የሚለውን አነበበች። አሞራ ገደል ላይ የተናገረችው ቃል በቃል ተመለሰላት።

«እማዬ፣ ምን ብዬው መጣሁ!»

እናቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ቆዩ። «የእኛ ልጅ ነው?»

«ኦርቶዶክስ ነው። የደሴ ልጅ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ለሳሙኤል የነበራቸው ደስታ ከፊታቸው ላይ ሲወርድ ይታይ ነበር። «እኔ እሺ አላልኩም» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ግን እንዲህ ለፍቶ ከጠየቀ መልሱን ከአፍሽ መስማት አለበት። ሂጂ።»

ሩሀማ መጀመሪያ ለሳሙኤል ደወለች፤ እንደማይሆን በቀጥታ ነገረችው፣ እሱም በጨዋነቱ ሰማት። ከዚያ ባጃጅ ጠርታ ዩኒቨርሲቲ ወረደች።

ክብሩ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜውን እያስተማረ ነበር። ተማሪዎች በማስመሪያና በኮምፓስ ተደፍተዋል። ሩሀማ በሩን ሳታንኳኳ ገባች፤ ክፍሉ እንዳለ ወደ እሷ ዞረ።

«መምህር» አለች እያለከለከች፣ «አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

ኮሪደር ላይ ወጣ። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ፤ ከውስጥ አንድም እርሳስ አይሰማም።

«የጠየቅኸኝ እኔን ነበር?» አለችው።

«መልሱንም ሰጥተሽኛል።»

«እኔ ስለ ኮሚክ ነው የመሰለኝ! ክብሩ፣ ሞኝ ነኝ። ግን አንተም ሞኝ ነህ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ በሥዕል ይሰጣል? እኔ እኮ ሥዕል ሳይ ሌላ ነገር አላይም! በአፍህ በለው።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ክብሩ መነፅሩን ሊያወልቅ እጁን አነሳ፣ ተወው። ጆሮው ቀላ። «ሩሀማ፣ እወድሻለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ «አግቢኝ» አለ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«እሺ» አለችው፣ እያለቀሰች። «እሺ! አዲስ አበባም ሂድ፤ የት ርቆ ነው? ግን በፊት ሽማግሌ ላክ። እናቴ ገና እሺ አላለችም።»

«ዘመዶቼ ደሴ ናቸው። እዚህ ማንን ልላክ?»

ጫጫታው ያወጣቸው የክብሩ የቢሮ ባልደረባ አቶ አብዱልሃሚድ፣ ሽበታሙ መምህር፣ ከጎረቤት ክፍል ብቅ ብለው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ምን ሆኜ?» አሉ።

አቶ አብዱልሃሚድ ሐሙስ ከሰዓት ሁለት መምህራን አስከትለው ታቦር ወጡ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ሦስቱም ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ሩሀማ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጣን» አሉ አቶ አብዱልሃሚድ።

«ልጁ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ፣ እርስዎ ሙስሊም» አሉ ወይዘሮ መዓዛ። «ይሄ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?»

«እኔ እንኳ ለሁለቱም አላዳላም፣ ወይዘሮ መዓዛ። አንድ ነገር ብቻ ልመስክር። ከልጁ ጋር ዓመታት አብሬ ሠርቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት የሰማሁትን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንቅልፍ አሳጥቶናል።»

ማንም አልሳቀም። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል፤ አንደኛው መምህር ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው አዛወረ። ሩሀማ መጋረጃውን ጨብጣ ቆመች። እናቷ አቀርቅረዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እየፀለዩ ነበር።

«ሩሀማ!» ብለው ተጣሩ በመጨረሻ።

«አቤት እማዬ!»

«ለእንግዶቹ ወንበር አምጪ።»