የይሻው ማርሚታ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ተረት የፈለገ ሌላ ቦታ ይፈልግ... እኔ በያጅ ነኝ፤ ብረት እንጂ ወሬ አልበይድም።

ቅዳሜ ነበር። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከደብረ ታቦር ወደ ክምር ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእማማ ሸዋነሽ ደጅ ላይ።

ግን ከመነሻው ልጀምር።

ካሴ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። የመኪና ማርሚታ፣ ያን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ እጠግናለሁ፤ ድምፁንም አስተካክላለሁ። መኪናዋን ሳላያት በድምፅዋ ብቻ የማን እንደሆነች እለያለሁ። በዚህ ጆሮዬ ስኮራ ኖሬያለሁ... ምነው ያኔ በደነቆርኩ!

ባለፈው ክረምት ሲሳይ የሚባል ወጣት አንዲት የድሮ ስፖርት መኪና አስጎትቶ መጣ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር ሴሊካ።

ገና ሳያት አወቅኋት። የታላቅ ወንድሙ የይሻው ናት።

ይሻው ከሁለት ሳምንት በፊት ጉና ሥር፣ ጉም ውስጥ ከመንገድ ወጥቶ ሞቷል። መኪናዋ ብዙም አልተጎዳችም። ሆዷ ድንጋይ ላይ ተፍቆ ማርሚታዋ ተገንጥሎ ቀርቷል።

"አያ ካሴ፣ እንደ ድሮዋ አስጩህልኝ" አለኝ ሲሳይ። "ልክ እንደ ይሻው ጊዜ።"

"ለምን?"

ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እናቴ ሞቱን ገና አልተረዳችም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ሸዋነሽ የዓይን ሞራ ተገፈው ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። ሐኪሙ ለአንድ ወር እንባ ዓይናቸውን እንዳይነካው ብሎ አስጠንቅቋል። ዘመድ ተማከረና ልጁን አባቱ አገር ይፋግ ቀበረው፤ መርዶውን ለወር አቆየው።

ይሻው ግን በሳምንት ሁለት ቀን በእናቱ ደጅ ወደ ጋይንት ያልፍ ነበር። አይቆምም። ነዳጁን አንዴ ረገጥ፣ ለቀቅ ያደርግና ይሄዳል። እሳቸውም "ልጄ አለፈ" ይላሉ።

"ድምፁ ከጠፋ ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች" አለኝ ሲሳይ። "በረሃብ ልትሞትብኝ ነው።"

እንዲህ እያለ የሚለምንን ሰው ማን እምቢ ይላል? እኔም እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የሚኒባስ ማርሚታ ገጠምኩላት። ሲሳይ በእናቱ ደጅ ነድቶ አለፈ። ከቤሩት ተመልሳ እናቷን የምታስታምመው እህቱ ትርንጎ ደወለችልኝ።

"የማን መኪና ነው አለችኝ" አለች።

ቀጥሎ የኢሱዙ ማርሚታ ሞከርኩ። ትንሿ መኪና እንደ በሬ አገሳች።

"ልጄ እንዲህ አይጮህም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች" አለች ትርንጎ።

እልህ ያዘኝ። ከቁርጥራጭ ክምር መሐል አንድ አሮጌ ማርሚታ መረጥኩ። ሆዱን ቀድጄ አንዱን ቱቦ አወጣሁ፣ የብረት ሱፍ ጠቀጠቅሁበት፣ መልሼ በየድኩት። ሞተሩ ተነሣ። ነዳጁ ሲለቀቅ መጨረሻ ላይ ያቺ የይሻው ትንሽ ፉጨት መጣች።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። ያን ቀን ቡዳው እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ትርንጎ እያለቀሰች ደወለች።

"ልጄ አለፈ አለች! የተውኩትን ምሳ አምጪልኝ አለች!"

ደስ አለኝ። ሳሩን አይቼ፣ ገደሉን ሳላይ።

ሰኞ ሲሳይ መኪናዋን መልሶ አመጣት። ብየዳው ትንሽ ያፈስ ነበር። በክሪክ አንሥቼ ማርሚታውን ፈታሁት።

ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት።

"አያ ካሴ... ሲሳይን ዛሬ ለምን ላክኸው?"

"የት?"

"ወደ እኛ ደጅ ነዋ። መኪናዋ መጣች እኮ።"

ዞሬ አየሁ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት። ማርሚታው ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል። ሲሳይ አጠገቤ ሻይ ይጠጣል።

"አልፋ ሄደች?"

"አልሄደችም..." ድምፅዋ ወረደ። "ቆማለች። ደጃፉ ላይ ቆማለች።"

"ውጪና እያት።"

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሿን ብቻ።

"ጉም ነው... ምንም የለም። ድምፅዋ ግን እዚሁ፣ እግሬ ሥር ነው።"

ከስልኩ ውስጥ ያቺ ፉጨት ለእኔም ተሰማችኝ።

ለሲሳይ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ግን "እናቴ እየበላች ነው፤ እስከ መርዶው ልቀጥል" አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መልሼ ገጠምኩለት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሲሳይ አንዴ ሲያልፍ ትርንጎ ሁለቴ ትሰማ ጀመር። እማማ ሸዋነሽም ደጃፍ ቁጭ ብለው፣ ማንም በሌለበት ከሰው ጋር እንደሚያወሩ ማንሾካሾክ አመጡ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪ?" ስትላቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ይከናነባሉ።

ወሩ ሞላ፤ ያ ቅዳሜ ደረሰ። መርዶ የሚነገረው ጧት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። መምሬ ጌጡና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እማማ ሸዋነሽን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እኔም ተከተልኩ። ሲሳይ አጎቱን ከክምር ድንጋይ በመኪናዋ ይዞ እዚያው ሊያገኘን ተቀጣጥረናል።

ደረስን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ።

እማማ ሸዋነሽ ቆመዋል። ፋሻው ወልቋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል።

"ግቡ። ዘገያችሁ።"

መምሬ ጌጡ መስቀላቸውን አወጡ። "ሸዋነሽ... እግዚአብሔር ያጽናሽ እንጂ..."

"የይሻውን ከሆነ እሱው ራሱ አርድቶኛል" አሉ። "ዓይንሽ እስኪድን አታልቅሽ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩ።"



ወደ እኔ ዞሩ።

"ያንን ድምፅ የሠራህ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ሌሊት መጥቶ፣ 'ሲሳይ ደጋግሞ ጠራኝ፤ ዛሬ ይዤው እሄዳለሁ' አለኝ። ወንድምህን ተወው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ... አልሰማኝም።"

ያ ወር ሙሉ የተጠበቀ እንባ ወረደ።

"እናንተ የይሻውን ልትነግሩኝ መጣችሁ። እኔ የምነግራችሁ የሲሳይን ነው።"

ያኔ ከመንገዱ ድምፅ መጣ...

መኪናዋ ከጉሙ ወጥታ ደጁ ላይ ቆመች። ሮጥን።

በሮቿ ተዘግተዋል። ውስጧ ማንም የለም። ኋላ እንደሰማነው፣ አጎትየው ክምር ድንጋይ እስከ ቀትር ቢጠብቁ የመጣላቸው የለም። ሲሳይ እስካሁን አልተገኘም።

የዚያን ጧት ሞተሩ ግን ይሠራ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ማርሚታው ላክሁ። ያን ያህል መንገድ የመጣ ማርሚታ ቆዳ ይልጣል።

ነካሁት።

ቀዝቃዛ ነበር። ላዩ ላይ ጤዛ ወርዶበታል።