የተቆረጠው መስመር

በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ሆጤ ሰፈር ሲያለብሰው፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ቤት የሚደረገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ከሳሎኑ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይገባሉ፣ ኮምፒውተሩ የለበሰውን ዳንቴል ያነሳሉ፣ ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ያስቀምጡና ትንሹ ልጃቸው አስናቀ መጥቶ እስኪያበራላቸው ይጠብቃሉ። ትልቁ ልጃቸው እሱባለው ጁባ ውስጥ በአንድ ሆቴል የጄኔሬተር ሠራተኛ ነው፤ በዚህ ሰዓት ከሥራው አረፍ ስለሚል ይደውላል። ወሬው ያው ነው፤ በላህ ወይ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ መቼ ነው የምትመጣው። አስናቀ ወሬውን ሰምቶ ሰምቶ በቃሉ ስለያዘው ይሰለቸው ነበር።

አሁን ግን ኮምፒውተሩ ሥር ተንበርክኮ ራውተሩን እያጠፋ ያበራል፣ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ይሰካል፣ "እስቲ ደግሞ በዚህ በኩል ልሞክረው" እያለ ላቡን ይጠርጋል። በስክሪኑ ጥግ ያለችው የኔትወርክ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተጋርጦባታል። ራውተሩ ላይ አረንጓዴ መሆን የነበረበት መብራትም ቀይ ነው። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ያለው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተበላሸ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የሚመጣበት አስናቀ፣ ይህችን ማስተካከል ተስኖት አይደለም። መስመሩን የቆረጠው ራሱ ነው። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባውን ሽቦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በፒንሳ በጠሰው።

የበጠሰው እሱባለው ስለሞተ ነው።

ወሬው የመጣው ለአጎታቸው ለጋሽ ፈንታው ነበር። ከሆቴሉ አንድ ሰው ደውሎ፣ ወንዙ ላይ ጀልባ ተገልብጦ እሱባለው እንደሰመጠ፣ ፊቱ የማይለየው አስከሬን በኪሱ በተገኘው መታወቂያ ታውቆ በሙቀቱ ምክንያት ቶሎ እዚያው እንደተቀበረ ነገራቸው። ጋሽ ፈንታው ዘመድ ሰብስበው መከሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ መርዶ ደግሞ በወጉ ነው የሚነገረው፣ ቀን ተቆርጦ፣ ዘመድ ተሟልቶ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሲወድቁ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ። አብዛኛው ሰው ነገውኑ ይነገራቸው አለ። ከወልዲያ የሚመጡት አክስቶች ይድረሱ፣ ቅዳሜ ይሁን ብሎ የለመነው አስናቀ ነው። "ልቧን ነው የምፈራው" አላቸው። የፈራው ግን ልባቸውን አልነበረም፤ እናቱ መሬት ላይ ሲንከባለሉ ማየትን ነው። ይህን ማንም አላወቀበትም፤ እሱ ግን ያውቀዋል፣ በወጣ በገባ ቁጥርም ያፍርበታል።

የእናቱን ስልክ "ይጠገናል" ብሎ ወስዶ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ነፍስ ይማር የሚል ሰው እፊታቸው እንዳይደውልበት የራሱንም ሲም ካርድ ቀይሯል፤ አዲሱን ቁጥር የሚያውቁት ጋሽ ፈንታው ብቻ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሏል። ሴቶቹ ወተት መበደር ያመጣቸው መስለው ይገቡና ወይዘሮ ደብሪቱን ትኩር ብለው አይተው፣ ዓይናቸው ሳይሞላ ቶሎ ይወጣሉ።

"ተወው ልጄ፣ ወገብህን አመመህ" አሉት እናቱ ከኋላው። "ነገ ይሠራል። ስለኔ ብለህ ነው እንዲህ የምትደክመው፤ ተባረክ።"

አስናቀ ገመዱን እንደገና ነቅሎ ሰካው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአስናቀ ውሸት ግን እያደረ ከበደ።

በማግስቱ ለምሳ ከሱቁ ሲመለስ፣ ገና ጫማውን በር ላይ እያራገፈ ሳለ የእናቱን ሳቅ ሰማ። ሰው መጥቶ ይሆናል ብሎ ሳሎኑን ቃኘ፤ ሰው የለም። ሳቁ የሚመጣው ከጠባቧ ክፍል ነው፤ እሱባለው ሲቀልድባቸው የሚስቁት፣ መሐሉ ላይ በሳል የሚቋረጠው ሳቅ። በሩን ሲገፋው ክፍሉ ጨልሟል። መስኮቱን ጉሙ ደፍኖታል፣ ስክሪኑ በርቷል እንዳይባል ጥቁር ነው፣ ጠፍቷል እንዳይባል ደግሞ ጥቁረቱ ውስጥ እንደ ጭቃ ውሃ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለው ይመስላል፤ የሲፒዩው ማራገቢያ እየተንተከተከ ይዞራል፣ ከማራገቢያው ቀዳዳ የሚወጣው አየር ግን እንደ ወትሮው አቧራ አቧራ ሳይሆን ረግረግ፣ የበሰበሰ ሣርና የቆየ ውሃ ይሸታል።

"አሁን ዘጋው" አሉት እናቱ ከወንበሩ ላይ። "ትንሽ ቀደም ብለህ ብትመጣ ታገኘው ነበር።"

"ማንን?"

"ማንን ይለኛል እንዴ? ወንድምህን ነዋ።"

አስናቀ ጎንበስ ብሎ ማውሱን ነካካ። ስክሪኑ ወደ ወትሮው ብርሃኑ ተመለሰ። ቀዩ ኤክስ እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ወጣና ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሞ አንጋጠጠ። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ተራርቀው ተንጠልጥለዋል፤ ጫፋቸው ላይ ጉሙ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። አሮጊት ናት፣ ናፍቆት ነው፣ እንቅልፍ ሸልቧት በሕልሟ ሰምታው ነው አለ። እንዲህ ብሎ ራሱን ካሳመነ በኋላ ደግሞ፣ በሕልሟ እንኳ እየጠበቀችው እኔ ዝም እላለሁ ብሎ አዘነ።

ማታ እራት ላይ እናቱ ጉርሻቸውን ይዘው ሐሳብ ገባቸው። "መብራት የላቸውም መሰለኝ፣ መልኩ አይታይም" አሉ። "ድምፁም ጎርንኗል። በርዶኛል ይላል፤ በዚያ ሙቀት ምን ያበርደዋል? ደግሞ የረሳው ነገር በዛ። ልጅ ሳለህ ማን ነበር የምልህ ብለው፣ አንቺ ንገሪኝ አለኝ። ያባቱንም ስም እኔው ነኝ የነገርኩት። ሰው አገር ሲከርሙ እንዲህ ያደርጋል?"

አስናቀ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። "ያደርጋል እማዬ" አለ።

ከመተኛቱ በፊት ኮምፒውተሩን ከራውተሩ የሚያገናኘውን ገመድ ነቅሎ ጠቀለለና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሊያደርግ የሚችለው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

በነጋታው ሱቁን አልከፈተም። አሞኛል ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኛ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ሲያባራ፣ ቤቱ ጭር አለና ከጠባቧ ክፍል ጥሪው ተሰማ። የሚያውቀው ጥሪ ነው፣ እሱባለው ሲደውል የሚጮኸው ያ ፈጣን ዜማ፤ ነገር ግን ተጎትቷል፣ ወፍሯል፣ ከጉድጓድ ሥር የሚመጣ ይመስላል። የእናቱ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጠረገ ሲያልፍ ሰማ። ቀጥሎ ስፒከሩ ተንተከተከ፤ ውሃ ጠባብ አንገት ባለው ጠርሙስ ሲሞላ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ፣ ከመሐሉ ቃል የሚመስል ነገር ብቅ እያለ የሚሰጥም። አስናቀ በባዶ እግሩ ተነስቶ በሩ ሥር ቆመ፤ ገመዱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ በእጁ ጨብጦታል።

"ከመናኸሪያ ስትወጣ ሽቅብ ነዋ" ይላሉ እናቱ። "ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ትታጠፋለህ፣ ሰማያዊ በር። ምን ነካህ፣ ያደግህበት ቤት መንገድ ጠፋህ?" ጥቂት ያዳምጡና ይቀጥላሉ። "ትንሹማ ሳሎን ተኝቷል። አይ፣ አልቀሰቅሰውም። ምነው፣ አኮረፍከው?"

አስናቀ በሩን አልከፈተም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና አፉን በእጁ አፍኖ አለቀሰ። ወንድሜ ነው አለ በልቡ፤ ያልተለቀሰለት፣ ተዝካር ያልወጣለት፣ እናቱ ስሙን እየጠራች እንዳታለቅስ የከለከልኩት ወንድሜ ነው፣ ማረፊያ አጥቶ የሚንከራተተው በኔ ፍርሃት ነው። ቤቱን ለቅሶ ሳይሞላው የውሃ ድምፅ ሞላው። እናቱ ከክፍሉ ሲወጡ የያዙት ዳንቴል ረጥቦ ጠቁሯል፤ ኪቦርዱ ላይ ጣሪያው እንዳፈሰሰ ነገሩትና ሊያሰጡት ወደ ጓሮ ሄዱ። ጣሪያው ግን ደረቅ ነበር።

አርብ ዕለት ወይዘሮ ደብሪቱ ለጥምቀት የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ሳሎን ተቀመጡ። በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ይቆማል። አስናቀ ይህን እያሰበ ምን ሆነሽ ነው ቢላቸው፣ "ዛሬ ከተማ ገብቻለሁ አለኝ" አሉት። "ሲመሽ ይደርሳል፣ መንገዱን አሁን አወቀው።" ፊታቸው ላይ ካየው ዓመታት ያለፉት ደስታ ነበር። ነገ ከዚህ ደስታ ላይ ነው የሚጥሏቸው። አስናቀ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተው። አሁኑኑ እነግራታለሁ ብሎ እግራቸው ሥር በርከክ አለ፣ እጃቸውን ያዘ። "ምነው ልጄ?" ሲሉት "ምንም" ብሎ ተነሳ። ያኔ አንድ የፈሪ ሐሳብ መጣለት። የሆቴሉ ሠራተኞች የእሱባለውን ፎቶ ከሐዘን መግለጫ ጋር ኢንተርኔት ላይ ለጥፈው ነበር። እሱ አፍ አውጥቶ ከሚናገር፣ መስመሩን መልሶ ፎቶውን ይከፍትና ያሳያቸዋል፤ የሚያረዳቸው ኮምፒውተሩ ይሆናል።

መሰላሉን ጉሙ ውስጥ አቁሞ ወጣ። የሽቦውን ጫፎች ልጦ አጋጠመና በናስትሮ ጠቀለላቸው። ወርዶ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባ፣ ገመዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰካው፣ ራውተሩን አበራና ጠበቀ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። ኤክሱ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ወዲያው በኮምፒውተሩ ላይ ያልተመለሱ ጥሪዎች መግለጫ እየተደራረበ ይዘንብ ጀመር፣ ሁሉም ከአንድ ሰው። ገና ሳያበቃ ጥሪው ጮኸ፤ ፈጣኑ፣ የሚያውቀው፣ ጥርት ያለው ዜማ።

አስናቀ መመለሻውን ተጫነው። ስክሪኑ በፀሐይ ብርሃን ተሞላ። ከብርሃኑ መሐል፣ ግንባሩ ላይ ፋሻ የታሰረለት፣ ከሳ ብሎ የጠቆረ እሱባለው ቁጭ ብሏል።

"አስኔ፣ ምን ሆናችሁ ነው?" አለ። "ከረቡዕ ጀምሮ ስደውል ስልካችሁ አይሠራ፣ ይሄ አይሠራ። እብድ ልሆን ነበር።"

"አንተ... ሞተሃል ተብሎ..."

"ስመጣ ነገሩኝ፤ የሆቴሉ ዘበኛ ሲያየኝ ጥሎኝ ሮጠ። የሰመጠው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው። ወባ ሲያንቀጠቅጠው ጃኬቴን ደረብኩለት፤ መታወቂያዬም ስልኬም እዚያ ውስጥ ነበሩ። እኔን ውሃው ሩቅ ወስዶኝ ዓሣ አጥማጆች አወጡኝ። ለጋሽ ፈንታው የደወለው ሰውዬ እረፍት ወጥቷል፣ በቃሌ የማውቀው ያንተንና የእማዬን ቁጥር ብቻ ነው።" እሱባለው ፊቱን በመዳፉ ዳሰሰ። "ምስኪን፣ በኔ ስም ቀበሩት። እናት እንኳ የለው። ከእማዬ ጋ ሳወራ ሁልጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ድምፅዋን ይሰማ ነበር። እሷስ ሰማች እንዴ?"

"አልነገርናትም" አለ አስናቀ።

"ተመስገን። በል ጥራልኝ።"

አስናቀ ዞር ሊል ፈልጎ አንገቱ አልታጠፍ አለው። መስመሩን የቆረጠው እናቱን ከሞተው ልጃቸው ሊጋርዳቸው ነበር፤ የጋረዳቸው ከሕያው ልጃቸው ነው። እነዚያን ቀኖች ሁሉ ክፍሉን ባዶ አድርጎ፣ ወንበሩን ላልጠሩት ሰው ትቶለት ነበር። የእርጥብ ጭቃ ሽታው መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከማራገቢያው ሳይሆን ከሳሎኑ በኩል ነው። "እማዬ" ብሎ ሊጮኽ ሲል የውጪው በር መቀርቀሪያ ተሳበ፤ ቀስ ብሎ፣ የበር አከፋፈት ገና እንደሚማር ሰው፣ ውሃ ያዘለ እግር ደፉን ተሻገረ።

"መጣህልኝ?" አሉ እናቱ፣ በደስታ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ግባ የኔ ልጅ፣ ና ወዲህ። ውይ፣ ምነው እንዲህ በሰበስክ?"

እሱባለው ፈገግ ብሎ ጆሮውን ወደ ስክሪኑ አስጠጋና፣ "እንግዳ መጣባችሁ እንዴ?" አለ።