ሰማያዊው ስባሪ

ማርያማዊት ፌስታሉን ከቦርሳዋ ከማውጣቷ በፊት ግራና ቀኝ ተመለከተች። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

«እጅሽን እንዳይቆርጥሽ» አለች።

ሕሊና የፌስታሉን አፍ ከፈት አድርጋ አየች። ውስጡ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ስባሪ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዶቃ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ከየመንገዱ ስትለቅም፣ ሰው ሲሰጣትም ስትቀበል የከረመችው እሱኑ ነው። ስታገኝ የቆየችው ግን ቡናማና አረንጓዴ ብቻ ነበር። ይህ ሰማያዊ ነው። አንዱን አንስታ ወደ ፀሐይ ስትይዘው መዳፏ ላይ ሰማያዊ ብርሃን አረፈ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ሹፌሩ አጎቴ፣ ይታያል፣ ከደጀን ሲመጣ። መኪናው ላይ ተሰብሮበት ነው።»

«ሙሉ ጠርሙስ?»

«ምን ትመረምሪኛለሽ? ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ስትዪ አልነበር?» ማርያማዊት ቦርሳዋን ዘጋች። «ለማንም ግን እንዳትናገሪ።»

«ለምን?»

«ሁሉም አምጪልኝ ይለኛላ።»

ሕሊና የፌስታሉን አፍ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር የተሰበረ ጠርሙስ የሚለምን ሰው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ወደ ቤት እስክትደርስ አብሯት ተጓዘ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ቀለም ግን ከጥያቄው ይበልጥ ያምር ነበር።

ዶቃ መሥራት ያስተማሯት ጎረቤቷ እትዬ ሥራነሽ ናቸው። ባላቸው የታወቁ ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ ወናፉም፣ ጉጠቱም፣ ትንሹ መዶሻም እሳቸው ዘንድ ቀረ። ብሩ ሲጠፋ እትዬ ሥራነሽ ወደ ጠርሙስ ስባሪ ዞሩ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ አምቷቸዋል። የሕሊና እናት እንኳ «የዛር ጨሌ ነው የሚሠሩት እየተባለ፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ነበር። አንድ ቀን መጥተው ቁጭ ብለው ካዩ በኋላ ግን ሁለተኛ አልተናገሩም።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ሕሊና ሰማያዊውን ስባሪ በብረት ሙቀጫ ወቀጠችው። ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ እንደ ጨው እስኪልም ድረስ ወቅጣ በቀጭን ጨርቅ ነፋችው። በአመድ የተለቀለቀውን የሸክላ ቅርጽ አወጣችና በየጉድጓዱ መሃል አንዳንድ ስንደዶ አቆመች፤ ስንደዶው እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ሲያልቅ የዶቃው ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ጨመረች።

ከዚህ ሥራ ሁሉ እሳት ላይ ያለውን ሰዓት ትወደዋለች። እትዬ ሥራነሽ ወናፉን ሲገፉ ከሰሉ ይነጣል፤ ዱቄቱ መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ቀጥሎ ላብ ያላበው ይመስላል፣ በመጨረሻ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ማር ይረጋል። ያኔ ቶሎ ብሎ በመርፌ ቀዳዳውን ማክበብ ነው። ከዘገየች ይደድራል፤ ከቸኮለች ይጣመማል። በዚያች ቅጽበት ሕሊና ፈተናም፣ ቤትም፣ ማንም ትዝ አይላትም። ዶቃው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። በማግስቱ አመዱን በጣቷ ስትጭር የመጀመሪያው ሰማያዊ ብቅ ሲል ሳታስበው ጮኸች።

እትዬ ሥራነሽ ዶቃውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙት። 

«ሰማያዊ ጠርሙስ መንገድ ላይ ተጥሎ አይገኝም» አሉ። «እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ማን ሰጠሽ?»

«የጓደኛዬ አጎት ከደጀን አምጥቶ ነው።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«እሺ» አሉ። «እሺ» አባባላቸው ግን እሺ አይመስልም ነበር።

ከፌስታሉ ሥር አንድ ያልተወቀጠ ወፍራም ስባሪ ቀርቷል። ሕሊና አገላብጣ ስታየው ነጫጭ አጫጭር መስመሮችና «500» የሚል ቁጥር አገኘችበት። የመድኃኒት ጠርሙስ ይሆናል ብላ ከእርሳሶቿ ጋር ከተተችው።

ሐሙስ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ዩኒት ሊደሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ከቤተ ሙከራው ትልቁ ሰማያዊ የመለኪያ ጠርሙስ እንደጠፋ፣ ዕቃው ከብዙ ዓመት በፊት በእርዳታ የመጣና ምትክ የሌለው እንደሆነ፣ የዕቃ ያዡ የጋሽ ታረቀኝ ቁልፍ ጉዳዩ እስኪጣራ እንደተወሰደ ተናገረ። ቤተ ሙከራውን ሕሊና ገብታበት አታውቅም፤ የሚገቡት የሳይንስ ክበብ አባላት ብቻ ናቸው። ማርያማዊት አባል ናት።

ሕሊና ኪሷ ውስጥ ያለውን የእርሳስ መያዣ ጨበጠችው።

«ጋሽ ታረቀኝ ነው እኮ» አለች ማርያማዊት፣ ሰልፉ ሳይበተን። «ሁሌ ጠርሙስ በፌስታል ይዞ ሲወጣ አይተነው የለ?»

ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው። አንገቷ ላይ ያለችው ትንሿ ደም ሥር ትመታለች። ሕሊና አየቻትና ቶሎ ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች።

ያን ቀን የሒሳቡ መምህር የተናገረው አንዱም አልገባትም። በልቧ ሌላ ነገር ታሰላ ነበር። ጋሽ ታረቀኝ ጠርሙሱን ሸጠውት ቢሆንስ? የገዛው ሰው ወደ ደጀን ወስዶት፣ እዚያ ተሰብሮ፣ የማርያማዊት አጎት አግኝቶት ቢሆንስ? ሊሆን ይችላል። እንዲሆንም ፈለገች። ጋሽ ታረቀኝ አንድ ለብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ማርያማዊት ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የተጋራቻት ጓደኛዋ ናት። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት። ማሰቡን ግን አልተወችም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ገበያ ላኳት። መንገድ ዳር ካለው ጋራዥ ፊት ለፊት የማርያማዊት አጎት፣ ይታያል፣ ከጭነት መኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አየችው። ሰላም ልትለው ቀረበች።

«ለጠርሙሱ አመሰግናለሁ» አለችው።

«የምን ጠርሙስ?»

«ሰማያዊው። ለማርያማዊት ከደጀን ያመጣህላት።»

ይታያል ሳቀ። «እኔ? ይህ መኪና እኮ እዚህ ከቆመ ወር ሊሞላው ነው። እንኳን ደጀን አደባባዩንም አልተሻገረ። ሙድ እየያዘችብሽ ነው።»

ሕሊናም ሳቀች፤ አለመሳቅ ስለሚያሳብቅባት። ገበያ ሄዳ ሽንኩርቱን ረስታ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሥራነሽ ግቢ ሆና ዶቃዎቹን በሽቦ ታያይዝ ነበር። ሽቦው ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ መዳብ ነው። በጉጠት ጫፉን እየጠቀለለች፣ አንዱን ቀለበት በአንዱ እያስገባች፣ በሁለት ሰማያዊ መሃል አንድ ቡናማ እያደረገች ሃያ ሦስት ዶቃ ደርሳለች። ለትምህርት ቤቱ የፈጠራ ሥራ ቀን ልታቀርበው ያሰበችው ሐብል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ማቆም እያሰበች ማቆም አቅቷታል።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ጋሽ ታረቀኝ ነበሩ። ሕሊና ሹራቧን አውልቃ ሐብሉ ላይ ጣለችው።

ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እትዬ ሥራነሽ ወንበር ቢያቀርቡላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የሰጠሁሽን ጠርሙሶች ታስታውሻቸዋለሽ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ምን ዓይነት ነበሩ?»

«የቢራ። የለስላሳ። ያን የሞተር ሽቦም እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።»

«ተባረኪ።» ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ሰኞ ጠዋት አጣሪ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ጠርሙስ ይዞ ሲወጣ አይተነዋል ያሉ አሉ። ይዤ የወጣሁትማ ለአንቺ ያመጣሁትን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን ቁልፍ ስይዝ አንዲት ቱቦ ጎድላብኝ አታውቅም። መጥተሽ ያየሽውን ብትናገሪልኝ ብዬ ነው። ከአንቺ በቀር ምስክር የለኝም።»

«እመጣለሁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሲወጡ ዓይናቸው ሹራቡ ላይ ትንሽ ቆየ። ወይስ ለእሷ መስሏት ነው? አወቁ ይሆን? አውቀው ከሆነ የመጡት ሊለምኗት ነው ወይስ ሊፈትኗት? የእርምጃቸው ድምፅ ከደጁ እስኪጠፋ ሕሊና አልተንቀሳቀሰችም።

እትዬ ሥራነሽ ሹራቡን በሁለት ጣት አነሱት።

«በዚህ ግቢ ብዙ ነገር ተሠርቷል» አሉ። «እንግዳ ሲመጣ ግን ተደብቆ አያውቅም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕሊና ማርያማዊትን ከቤቷ በር ላይ ጠበቀቻት። ማርያማዊት ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። ሕሊና ምንም ሳትል «500» የሚለውን ስባሪ አውጥታ አሳየቻት።

«ይታያል ወር ሙሉ ደጀን አልሄደም።»

ማርያማዊት ወደ ግቢው ዞር ብላ አየች። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ድምፃቸው ከውስጥ ይሰማል። ሕሊናን ክንዷን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበቻት።

«አልሰረቅሁም» አለች። «ማርያምን። ለማጽዳት ገባሁ። ብቻሽን እንዳትገቢ ተብያለሁ፣ ግን ቁልፉ በሩ ላይ ነበር። መደርደሪያውን ስወለውል በክርኔ ነካሁት። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«የክበቡ ተጠሪ ልሆን ነው። አባዬ ለሰው ሁሉ አውርቷል። በምን አፌ?»

«እና ስባሪውን ለእኔ ለምን?»

ማርያማዊት የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቀለለች። «ብጥለው ሰው ያገኘዋል። አንቺ ጋ ግን ዱቄት ይሆናል።» ቆየት ብላ «ደግሞ ሰማያዊ ስትፈልጊ ነበር» አለች።

ሕሊና የትኛው ምክንያት እንደቀደመ ከፊቷ ልታነብ ሞከረች። አልቻለችም።

«ጋሽ ታረቀኝ መጥተው ለመኑኝ። ነገ እሄዳለሁ።»

«ከሄድሽ እኔና አንቺ አበቃን።» የማርያማዊት ዓይን እንባ አቀረረ፤ ድምፅዋ ግን ጠነከረ። «ደግሞ የወቀጥሽው አንቺ ነሽ። ማን ያምንሻል? እኔ አልሰጠሁም ብልስ?»

ይህንን ሕሊናም አስባበታለች። ከጓደኛዋ አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ሆነባት።

«ስምሽን አልጠራም» አለች። «ዝምም አልልም።»

ሰኞ ጠዋት ካፊያ ነበር። ሕሊና ሐብሉን በእናቷ ሻሽ ጠቅልላ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ርእሰ መምህሩ አቶ አማረ፣ ዩኒት ሊደሩና አንዲት የኬሚስትሪ መምህር ጠረጴዛ ከበዋል። ጋሽ ታረቀኝ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ስለ ጠርሙሶቹ ጠየቋት፤ የቢራና የለስላሳ እንደነበሩ ነገረቻቸው። «ጨረስሽ? መሄድ ትችያለሽ» አሏት። እዚህ ላይ ብትወጣ የጠየቋትን ሁሉ በእውነት መልሳለች። እግሯ ወደ በሩ ሊዞር ትንሽ ቀረው።

ሻሹን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ቁጥር ያለበትን ስባሪም አጠገቡ አኖረች።

«ጠርሙሱ ይኸው ነው። የፈጨሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነበር። ካወቅሁ በኋላም ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ። ጋሽ ታረቀኝ የሉበትም።»

 ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል።

«ማን ሰጠሽ?» አሉ አቶ አማረ።

«የእኔን ተናገርሁ። የቀረውን ባለቤቱ ይናገር።»

«ይህ መልስ አይደለም። ከአንቺ በቀር ማንንም ካላየን የምንቀጣው አንቺን ነው፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ጋሽ ታረቀኝ ተነስተው መጡ። ሐብሉን አነሱና አንዱን ዶቃ በአውራ ጣታቸው አሹት። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን «ይህ ሁሉ ከዚያ ወጣ?» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። መልሰው አስቀመጡትና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ውጭ ጠብቂ» አሏት አቶ አማረ።

ማርያማዊት በረንዳው ላይ ቆማለች። ፀጉሯ በካፊያው ርሷል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም። የመጣችው ልትሰልላት ይሁን ልትገባ ሕሊና አላወቀችም።

«ስሜን ጠራሽ?» አለች ማርያማዊት።

«አልጠራሁም።»

«እውነት?»

«ግቢና ጠይቂያቸው።»

ማርያማዊት በሩን አየች፤ ወደ ግቢው በር የሚወስደውንም መንገድ አየች። ሹራቧን ወደታች ሳበች። ከዚያ ሕሊናን ሳታያት በአጠገቧ አልፋ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ገባችም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደወለ። ተማሪዎች በካፊያው ውስጥ እየሮጡ ወደየክፍላቸው ገቡ፤ ግቢው ባዶ ሆነ። ሕሊና እስካሁን ተናዳለች፤ የትናንቱ «ማን ያምንሻል?» ገና አልወጣላትም። ክፍል ገብታ ከማርያማዊት ራቅ ብላ ልትቀመጥ ትችላለች። ማንም አይፈርድባትም።

በረንዳው ላይ ያለውን እርጥብ አግዳሚ በእጅጌዋ ጠረገችው። ለራሷ ብቻ አልነበረም፤ ለሁለት ሰው የሚበቃውን ያህል ጠረገች። ተቀምጣም በሩን ትጠብቅ ጀመር።