ከበረዶው ሥር የተገኘችው ሳንቲም

ጆስሊን ማለዳ ከተማሪዎች መኖሪያው ደረጃ ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። በእጇ የክሬዲት ካርዷን የወር ሒሳብ ጨብጣለች። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አንድ ሱቅ ውስጥ በካርዱ ዘጠኝ መቶ ዶላር ወጥቷል። ጉዱ ግን ካርዱ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ከክፍሏ ፍሪዘር አለመውጣቱ ነው። ገንዘብ ማባከኗን ለመግታት ብላ፣ ውሃ በሞላ ሳህን ከትታ በረዶ አድርጋው ነበር።

አብራት የምትኖረው ዊላ አስከሬኗ ከተገኘ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የፖሊስ መርማሪዋ ኦዴት ቦክ ከዊላ ፍራሽ ሥር የሦስት ካርዶች የዕዳ ደብዳቤዎች አወጣች። እናቷ እንኳ የማታውቀው ምስጢር ነበር። ዊላ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔና እሷ። ፍቅረኛዋ ግራንትም አለው። የፎቁ ኃላፊ ኬንደልም አለው።»

ዊላ፣ ግራንትና ጆስሊን በረዶ ከሚበዛባት ኦስዌጎ፣ ከአንድ ሠፈር የመጡ ናቸው። ኬንደል ግን የሞቃታማው አሪዞና ልጅ ነው። ዓመቱ ሲጀመር የፎቁን ልጆች ሰብስቦ ስለ ቁጠባ ያስተማረው፣ ካርድን በረዶ ውስጥ መቅበርንም የመከረው እሱ ነው። ዊላ ገንዘብ እንደቸገራት ለመርማሪዋ በሹክሹክታ ነገራት። ዘንድሮ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ አንዴም አልጠፋም አለ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የጋራ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ዊላ ካቴናው ለእኔ ነው ብላ በሩን በሩን ታያለች። መርማሪዋ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በረዶው ውስጥ፣ ከግርጌው፣ ሳንቲም ይታያል።

«ይቺ ሳንቲም ምን ትሠራለች፣ ዊላ?»

 «እኛ አገር በብርዱ ወራት መብራት ይጠፋል» አለች ዊላ። «ውሃው ከረጋ በኋላ ሳንቲም ከላዩ እናስቀምጣለን። በሌለንበት በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ ምግቡ መበላሸቱን እናውቃለን። ጆስሊን ያስቀመጠችው ከላይ ነበር።»

«አሁን ከታች ነው። መብራት ደግሞ አልጠፋም። ስለዚህ አንድ ሰው አቅልጦ ካርዱን ወሰደ፤ ገዛበትና መልሶ አረጋው። አንቺ ወይም ግራንት ብትሆኑ ሳንቲሙን መጨረሻ ላይ ከላይ ትመልሱት ነበር። ይህ ሰው ግን ሳንቲሙ ለምን እንደተቀመጠ አያውቅም።»

ሁሉም ወደ ኬንደል ዞሩ። እሱ ሊስቅ ሞከረ።

«ሳንቲም ይመሰክራል እንዴ?»

«ማንን እንደምፈልግ ነገረኝ። የሱቁ ካሜራ ደግሞ ፊትህን አሳየኝ።»

ኬንደል ፊቱ አመድ መሰለ። «የሰባት ካርድ ዕዳ አለብኝ» አለ። «ጆስሊን ሒሳቡን ይዛ ክፍሌ በር ላይ ስትቆም ልታጋልጠኝ መሰለኝ። እስከ ደረጃው ተከትዬ ለመንኳት፤ ከዚያ ገፋኋት።»

ግራንት እያለቀሰ ስልኩን ዘረጋለት። የጆስሊን የመጨረሻ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ካርዴን ሰርቀውኛል። ኬንደልን ላማክረው፤ እሱ መላ አያጣም።»

ኬንደልን ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ ደብዳቤዎቹን ለዊላ መለሰችላት።

«እሱም ዕዳውን እንዳንቺ ነበር የደበቀው፣ ልጄ» አለቻትና ወጣች።

ዊላ ደብዳቤዎቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ስልክ ደወለች።

«እማዬ» አለች፤ «የደበቅኩሽ ነገር አለ።»