ባርኔጣ የደፋው ሰውዬ

«ሰሊማ፣ የፊልሙን ድምፅ ቀንሼልሻለሁ እኮ፤ ጀምሪ እንጂ!» አለ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ዋለ።

ሰሊማ ማይኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አግዳሚ ወንበሮቹ ጢም ብለዋል። ይህን የኳስ ፊልም ያላየ የከሚሴ ልጅ የለም፤ ያየው ግን በወንድሟ በሪድዋን አፍ ተተርጉሞ ነው። ሪድዋን ማይኩን ሲጨብጥ ፈረንጆቹ ሁሉ ያገር ሰው ይሆኑ ነበር። አሰልጣኙ ተጫዋች ሲገዛ እንደ ሰንበቴ ገበያ የግመል ደላላ ይከራከራል፤ ዳኛው ሲናደድ በኦሮምኛ ይሳደባል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

ሪድዋን ሳዑዲ ልግባ ብሎ ሲሄድ ጀልባዋ ባሕር ላይ ተገለበጠች። ከሞት የተረፈው ጓደኛው ደውሎ አረዳቸው። እናቷ ዑሙልኸይር ግን እንቢ አለች። «ሬሳውን ያየ አለ?» ትላለች። ሰደቃ እንዲወጣለት አትፈቅድም፤ በየቀኑ ራቱን ከድና ታስቀምጣለች። ጠዋት ያን ራት የምትደፋው ሰሊማ ናት፤ በደፋችው ቁጥር ልቧ ይደማል።

ዛሬ ጋሽ ዋለ ፊልሙን ለሪድዋን መታሰቢያ በነፃ ከፍቷል። የቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቀው እናቷም መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ልጇ ምን ይል እንደነበር መስማት አማራት።

ሰሊማ ጀመረች። መጀመሪያ ቃል በቃል ብቻ ተረጎመች። ፊልሙ ላይ አንዲት ፍየል የጎሉን መረብ ስትበላ ግን የወንድሟ ቀልድ ራሱ መጣላት። «ኧረ ያዟት! ይቺ የጨፋ ፍየል ናት፣ ነገ ደግሞ ዳኛውን ነው የምትበላው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የእናቷን ሳቅ ሰማች። ከመርዶው ወዲህ ሰምታው አታውቅም ነበር።

የዋንጫው ጨዋታ ደረሰ። በረኛው ልጅ ለሥራ ባሕር ማዶ የሄደ አባቱን ይጠብቃል። በእረፍት ሰዓት ስልክ ይደወላል፤ አባትየው ሞቷል። ሪድዋን ይህን አንድም ቀን በትክክል ተርጉሞት አያውቅም። «መኪና ተበላሽቶበት ነው፣ መንገድ ላይ ነው» ይላል። ፍጹም ቅጣት ምቱ ሲጀመር ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ከተመልካቹ መሐል ሲያጨበጭብ ደግሞ «ይኸው መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ከተማው በሙሉ የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ሰሊማም ዘጠነኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛው እስኪገባት ድረስ አምና ኖራለች።

ስልኩ ሲደወል ሳትተረጉም አሳለፈችው። ባርኔጣ የደፋው ሰውዬ ግን ብቅ አለ። ልጆቹ ቀድመዋት ተነሡ። «ዱፌ! ዱፌ! መጣ!»

እናቷ ብድግ ብላለች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ስክሪኑን ሳይሆን ሰሊማን ታያለች። «መጣ» ማለት ቀላል ነበር። እናቷ እየሳቀች ቤቷ ትገባለች፤ ገብታም ራት ትከድናለች።

«ሂን ዱፍኔ» አለች ሰሊማ። ማይኩን አስጠግታ ደገመችው። «አልመጣም። ይሄ ሌላ ሰው ነው። አባቱ ሞቷል፤ ቅድም የተደወለው ለዚያ ነው።»

«ኧረ ባክሽ አትሸውጂን! ሪድዋን እንዲህ አላለም!» ብሎ ጮኸ ከፊት የተቀመጠው ቶፊቅ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ጋሽ ዋለ ማይኩን ሊቀበላት መጣ።

«ይተዋት፣ ጋሽ ዋለ» አለች እናቷ። ቀስ ብላ ተቀመጠችና በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከሻሿ ሥር፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለች፤ «ልጁስ? ልጁ ምን አደረገ?»

ሰሊማ ወደ ስክሪኑ ዞረች። እንባዋን ማይኩን በያዘው እጇ ጠረገች።

«እያለቀሰ ነው፣ እማ። ግን ጎሉ ላይ ቆሟል» አለችና መተርጎሟን ቀጠለች።