ጥቁር ክር ማን ገዛ?

ክቡ አረንጓዴ ነበር። ገንዘቡ ግን አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ የስልኳን መስታወት በቀሚሷ ጠርጋ ደግማ አየችው። የባጀት አፑ ላይ ያለው ክብ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት ደግሞ "ሁሉ ሰላም፣ ከባጀትሽ አላለፍሽም" ማለት ነው፤ እንዲያ ብሎ ነው ታናሽ ወንድሟ ያስተማራት። መነጽሯ ከተሰበረ ወዲህ ቁጥር አታይም፣ ቀለም ነው የምታየው። ዛሬ ግን ልትከፍል ስትል የባንኩ አፕ እምቢ አለ። ለጥልፍ ማሽን ብላ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ስልሳ ሺህ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

"ነጋዴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጠብቀኝ" አለች። "ሌላ ገዢ አለ ብሎኛል። ዘጠኝ ካለፈ ማሽኑ ሄደ።"

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

ስፌት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በየጥጉ እስከ ጣሪያ የተከመረ ነጭ የሐኪም ጋዎን። ፖሊስ የጠራው ወንድምየው ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ፕሮፌሰር" ይለዋል፤ መነጽር ስላደረገና ስለ ገንዘብ አያያዝ ሳይጠየቅ ስለሚያስተምር። አፑን ስልኳ ላይ የጫነላት እሱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ባጀቱን የሚያይላት እሱ።

መርማሪዋ ስትመጣ በሩ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ሌባ ሲያዝ ማየት በነጻ ነው፤ ማን ይቅርበት?

አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ገብታ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳትል አዲስ ጫማዋን አወለቀች።

"ይቅርታ፣ እግሬ ሲታሰር ጭንቅላቴም ይታሰራል። እሺ፣ ስልኩን ማን ይይዛል?"

"እሷ ናታ!" ፕሮፌሰር ጣቱን ቀሰረ። "ከጠዋት እስከ ማታ እጇ ላይ ነው። ቁንጫን ፈትሹ!"

ቁንጫ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ነው ስሙ የወጣላት። የምታድረው እዚያው ስፌት ቤት፣ ከጋዎኖቹ ጀርባ ነው። ከዚህ ከወጣች ሌላ ደጅ የላትም። ሌባ ለተባለች ልጅ ደግሞ መርፌ እንኳን የሚያበድራት የለም።

"ዝናብ ሲዘንብም እኔ ነኝ ያዘነብኩት?" አለች። ግን ዓይኗ ልብስ ሰፊዋ ላይ ነበር። "እትዬ፣ እርስዎም እንደዚያ ነው የሚያስቡት?"

ልብስ ሰፊዋ አቀረቀረች። አዎም አላለች፣ አይም አላለች። ቁንጫን ያሳመማት ይሄ ነው።

መርማሪዋ ደብተሯን ገለጠች። "የሚስጥር ቁጥሩን ማን ያውቃል?"

"አራት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አንድ" አሉ ፕሮፌሰር፣ ቁንጫና ጨርቅ ቆራጩ በአንድ ድምፅ። ከበሩ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ዘበኛ "አንድ ሳይሆን ሁለት አይደል እንዴ?" አለ። ሌላዋ ጎረቤት "አንድ ነው!" ብላ አረመችው።

መርማሪዋ ግንባሯን ያዘች። "ይሄ ሚስጥር ነው ወይስ መዝሙር?"

"መነጽር የለኝማ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እጄ ጨርቅ ላይ ሲሆን ቁጥሩን እጮህላቸዋለሁ፣ እነሱ ይነካሉ።"

ገንዘቡ የወጣው ያለ ካርድ ነው። ስልኩ ላይ ኮድ ይመጣል፤ ኮዱን ይዞ ኤቲኤም ጋ የሄደ ሁሉ ይወስዳል። ስም የለ፣ ፊርማ የለ። አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በየቅዳሜው አራት አራት ሺህ። ቅዳሜ ደግሞ የደመወዝ ቀን ስለሆነ ስልኩ የሁሉንም እጅ ይዞራል።

መርማሪዋ ወደ ቆራጩ ዞረች። ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠና ፈገግ አለ። አፉ ውስጥ አንድ ነገር አብለጨለጨ።

"የወርቅ ጥርስ?"

"ሦስት ሳምንቱ ነው።"

"ከየት መጣ?"

"ከሲጋራ።"

"አትቀልድ።"

"ኧረ እውነቴን ነው!" የራሱን ስልክ አወጣ። "ይኸው የኔ ባጀት። ሲጋራ ባሰኘኝ ቁጥር ዋጋውን 'ጥርስ' ወደሚለው እልካለሁ። ስምንት ወር። ሲጋራ፣ ዜሮ። ጥርስ፣ ሙሉ።"

መርማሪዋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሳንቲም አልጎደለም። "እንኳን ደስ ያለህ" አለችው። ቆራጩ ተጠርጣሪነቱን ረስቶ ለጎረቤቶቹ ጥርሱን አሳየ።

"አያችሁ?" አለ ፕሮፌሰር። "የቀረችው ልጅቷ ናት። ጊዜ አታባክኑ፣ እህቴ ማሽኗን ልታጣ ነው!"

ሰዓቱ ስድስት ሆኗል።

"የባንኩ መልእክቶች ተሰርዘዋል" አለች መርማሪዋ። "ይሄ የባጀት አፕ ግን ገንዘብ በወጣ ቁጥር 'ለምን ወጣ?' ብሎ ይጠይቃል አይደል?"

"ካልመለሱለት ቀይ ይሆናል" አለች ቁንጫ። "ቀይ ካልሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ከፍቶ የሚያይ የለም።"

"ዛሬ እናያለን። አንቺ አንብቢው። ጮክ ብለሽ።"

"እኔ ተጠርጣሪ አይደለሁ?"

"ተጠርጣሪ ማንበብ አይችልም የሚል ሕግ የለም። አንብቢ።"

ቁንጫ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ቅዳሜ፣ አራት ሺህ፣ ጥቁር ክር። ቅዳሜ፣ አራት ሺህ፣ ጥቁር ክር። ቅዳሜ፣ አራት ሺህ…"

"ቆይ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ ቀና ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

"ምን ክር?"

"ጥቁር። አሥራ ሁለቴ።"

"የምን ጥቁር?" ቆራጩ ጣልቃ ገባ። "ሦስት ወር ሙሉ ነጭ ብቻ ነው የቆረጥኩት! ሕልሜ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ማታ በረዶ ነው የማየው።"

ቁንጫ ብድግ አለች። "እትዬ! ሌባዋ እኔ ብሆን ነጭ ክር ብዬ አልጽፍም? አራት ሺህ ነጭ ቁልፍ በዚህች ጣቴ ተክዬ ጥቁር ክር ልጽፍ? ይሄንን የጻፈ ሰው ምን እንደምንሰፋ ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም!"



"ምን ታካብዳላችሁ!" አለ ፕሮፌሰር። "ክር ክር ነው። ነጭ ሆነ ጥቁር ምን ለውጥ አለው?"

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"እዚህ ቤት እንዲህ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው" አለች።

የፕሮፌሰር መነጽር አፍንጫው ላይ ተንሸራተተ። "ይሄ ማስረጃ አይሆንም!"

"ልክ ነህ፣ አይሆንም" አለች መርማሪዋ። "እስቲ ለነጋዴው ደውሉልኝ፣ ሌላው ገዢ ማን እንደሆነ ልጠይቀው። ድምፁን ለሁሉም አሰሙት።"

ነጋዴው ገና ሄሎ ሳይባል ጀመረ። "እመቤቴ፣ ሰዓት ልጨምርልሽ አልችልም! ሌላው ሰውዬ አርባ ስምንት ሺህ ቀብድ አስገብቷል። አሥራ ሁለት ነው የቀረው።"

"እንዴት አስገባ?" አለች መርማሪዋ።

"በየቅዳሜው አራት አራት ሺህ፣ በእጁ። መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ በመጣ ቁጥር ስልኩ ላይ ክብ እያሳየ ስለ ቁጠባ ሲያስተምረኝ ይውላል። እባካችሁ ማሽኑን ወስዶ ይገላግለኝ።"

ከበሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ።

ፕሮፌሰር ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እንደ ፈላ ማሰሮ ገነፈለ። "ላከራያት ነበር! ማሽኑን ገዝቼ በወር በወር ላከራያት ነበር! ባጀቱን ያወጣሁላት እኔ! ክቡ ቀይ እንዳይሆን የክሩን የወጪ ጣሪያ በየሳምንቱ ከፍ ያደረግሁት እኔ! ሰው ግን ምን ይለኛል? 'የልብስ ሰፊዋ ወንድም'! እኔም ባለ ማሽን ልባል ነው ያልኩት!"

"በገንዘቤ ገዝተህ" አለች እህቱ፣ "ለራሴ ልታከራየኝ?"

ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

"የእናቴ ልጅ፣ ሒሳብስ ታውቃለህ። እፍረት ነው የቀረህ።" ወደ መርማሪዋ ዞረች። "ክሱን ጻፊ። እፈርማለሁ።"

መርማሪዋ ጫማዋን እያጠለቀች ስልኩን ተጠጋች። "ሰማህ ነጋዴ? ቀብዱ የተሰረቀ ገንዘብ ነው። ባለቤቷ እዚህ ቆማለች።"

"እንግዲያው በሷ ስም ይዞራላ!"

ቁንጫ በጣቷ ቆጠረች። "አርባ ስምንት እዚያ፣ አሥራ ሁለት እዚህ… ስልሳ! እትዬ፣ ሞልቷል! ይክፈሉ!"

ልብስ ሰፊዋ ቁንጫ የምትጠራላትን ቁጥር እየሰማች የቀረውን አሥራ ሁለት ሺህ በራሷ ጣት ላከች። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነበር።

ዘጠኝ ሳይሞላ የጭነት መኪናው መጣ። ፕሮፌሰር በአንዱ በኩል ከመርማሪዋ ጋር ሲወጣ፣ ማሽኑ በሌላው በኩል በአራት ሰው ሸክም ገባ። ለሌባ የመጡት ጎረቤቶች ለማሽን ቆዩ። እልልታው መንገዱን ሞላው። ቆራጩ ጥርሱን እያበራ "ቀስ፣ ቀስ፣ ጥጉን እንዳትነኩት!" ይላል፤ እሱ ግን አልተሸከመም።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ነጋዴ ወረቀቱን አውጥቶ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። "ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ነጻ ሥልጠና አለው። ማን ብዬ ልጻፍ?"

ልብስ ሰፊዋ የቁንጫን ትከሻ ይዛ፣ ጠዋት "ፈትሹ" ሲባል በሰሙት ሰዎች ሁሉ ፊት አቆመቻት። ለነጋዴው አልነበረም የምትናገረው፣ ለሰፈሩ ነበር፤ ድምጿ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ።

"ልጄ ናት። ጻፍ፣ ልጄ ናት።"