የፋሲካው ቋንጣ

ወገኖቼ፣ ይህን የማወራው ሰው ይማርበት ብዬ ነው እንጂ ለእኔስ ተቀብሮ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሊያልቅ ሲል፣ ከመተማ ዮሐንስ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው መንደራችን፣ ከብት በምናጠጣበት ኩሬ ዳር ሁለት አጋዘኖች ሞተው ተገኙ። የእንስሳት ጤና ረዳቱ አቶ አዛናው የገበሬ ማኅበሩን ሰበሰቡ።

«አባ ሰንጋ ሳይሆን አይቀርም። ከብቶቻችሁን ከኩሬው አርቁ። በድንገት የወደቀ ከብት ቢላዋ አታሳርፉበት፤ ከነቆዳው በጥልቅ ቅበሩት» አሉ።

ባሌ ቢሻው ሳቀ። «አውሬ ቢሞት ከእኔ በሬ ምን አገናኘው?»

ፋሲካ አሥር ቀን ሲቀረው በሬያችን ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ቢሻው ቢላዋውን ይዞ ሮጠ። ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ በክት አይባልም ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ደሙ ጠቁሮ ወረደ፣ አልረጋምም። እኛ ግን ሥጋውን ዘልዝለን፣ ለፋሲካ ቋንጣ ይሁናችሁ ብለን ለጎረቤት ሁሉ አደልን። ቢላዋው በሬውን አረደ እንጂ በሽታውን አላረደም።

የሕማማት ማክሰኞ በቢሻው እጅ ላይ ቁስል አየሁ። መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ያበጠ ነው። ስነካው «አያመኝም» አለ። አለማመሙ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ለአቶ አዛናው ላሳያቸው?» አለኝ።

«ተው! ቋንጣውን መልሱ ልትል ነው? ሰጥቶ የሚነሳ ማን አለ? በዓሉ ይለፍ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ቅዳሜ ክንዱ እስከ ትከሻው አበጠ፤ ትኩሳቱ እንደ እሳት ፈጀው። «ሀብትነሽ፣ ነገ መንደሩ በሙሉ ሊበላው ነው» ብሎ እየተንገዳገደ ወጣ። እያለቀስኩ ተከተልኩት።

«የሰጠኋችሁን መልሱልኝ» ይላል በየደጁ።

ጎረቤታችን አዱኛ ተቆጣ። «ምነው ቢሻው፣ ቆጨህ እንዴ?» ቢሻው እጅጌውን ሰበሰበለት። አዱኛ ቁስሉን ባየ ጊዜ ቋንጣውን ከነገመዱ አወረደ።

በመጨረሻ ሌላዋ ጎረቤታችን ፈንቴ ቤት ደረስን። «ውሰደው» አለች፤ «ከልጄ ከዙፋን በቀር የቀመሰው የለም። ሕፃን አይደለች እንዴ፣ አትጾምም፤ ሐሙስ ትንሽ ጠብሼ ሰጠኋት። ዛሬ ሆዷን አሟት ተኝታለች።»

በአቅራቢያችን ባለው የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሁለቱንም ይዘን ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ከነፍን። ቢሻውን መርፌው አተረፈው። የስድስት ዓመቷ ዙፋን ግን በፋሲካ ዕለት አረፈች።

አቶ አዛናው ፈንቴ ቤት ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው «ቁስሉን መቼ አያችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ማክሰኞ» አልኩ።

ፈንቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ ሐሙስ ነው የበላችው» አለች።

እናንተ ግን እባካችሁ፣ ነውሩን ፈርታችሁ አትደብቁ፤ ባያችሁበት ቀን ተናገሩ።